ከጥቁሩ ግሪስ እስከ ቦሎቄው ማሳ፦ ስለ ሞሊብዲነም ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ አረብ ብረት ዓይነቶች ስጽፍ ሞሊብዲነም የሚባለውን ብረት በአንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ያቺ መስመር ከጅማ መርካቶ ጋራዥ፣ ከዴዶ ማሳ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከአጋሮም ከአንዲት እናት ጥያቄ አስከትላ መጣች። በብዙ ዓመት የኬሚስትሪ መምህርነቴ ስለዚህ ብረት ከክፍል ውጭ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ሰው ከራሱ ኑሮ ተነሥቶ ሲጠይቀኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ሞሊብዲነም ገበያ ወጥቶ በኪሎ የሚሸመት ነገር አይደለም። በግሪስ ውስጥ፣ በማይዝግ ብረት ውስጥ፣ በቦሎቄ ሥር ውስጥ ጥቂት ሆኖ ገብቶ ነው ሥራውን የሚሠራው። ስለዚህ ከመልሶቼ በብዙዎቹ ውስጥ «የት ገባ? ምን ያህል ገባ?» እያልኩ እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ መርካቶ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ጥቁሩ ግሪስ ሞሊብዲነም ስላለበት ከሁሉም ይበልጣል ይባላል። ለሁሉም ኩሺኔታ ልጠቀመው?»

የለም፣ ለሁሉም አይሆንም። ግሪሱን የሚያጠቁረው ሞሊብዲነም ከድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የሚባል ዱቄት ነው። የእንሰት ግንድ ሲላጥ አይተህ ታውቃለህ፤ ሽፋኑ ራሱ ጠንካራ ነው፣ አንዱ ከሌላው ግን በቀላሉ ይላቀቃል። ዱቄቱም እንደዚያ ነው። አንድ ረድፍ ሞሊብዲነም በሁለት ረድፍ ድኝ መካከል ገብቶ አንድ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ በውስጡ ጥብቅ ሲሆን ሽፋንን ከሽፋን የሚያያይዘው ኃይል ደካማ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ብረት ብረትን በኃይል ሲጫን ቅባቱ ተጨምቆ ያመልጣል፤ ዱቄቱ ግን እዚያው ቀርቶ ብረቶቹ እንዳይፋጩ ያደርጋል።

ስለዚህ ቦታው ጭነት የሚበዛበት፣ እንቅስቃሴው ዝግ ያለ፣ ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዝና የሚመታ ነው፦ የሴሚያስ መጋጠሚያ፣ የባሌስትራ ፒን፣ የገልባጭ መኪና ማጠፊያዎች። በፍጥነት በሚሽከረከር ኩሺኔታ ውስጥ ግን ኳሱ መንከባለል እንጂ መንሸራተት የለበትም። የዲናሞና የሞተር ኩሺኔታ ላይ ጥቁሩን አታድርግ፤ ፋብሪካው ያዘዘውን ተጠቀም። ጥቁረቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንህም፤ ግራፋይት የገባበት ግሪስም ጥቁር ነው። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ብዙ ጊዜ 3 በመቶ ገደማ ይላል። አሮጌውን ግሪስ በደንብ አጥበህ ሳታወጣ አዲሱን አትጨምርበት፤ ሁለት የማይስማሙ ግሪሶች ሲደባለቁ ቀጥነው ሊፈስሱ ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ግራፋይት በደንብ የሚያንሸራትተው በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እየረዳው ነው። ይህኛው ዱቄት የማንንም እርዳታ አይፈልግም። አየርም እርጥበትም በሌለበት ጠፈር ውስጥ የሚንቀሳቀሱ የሳተላይት መገጣጠሚያዎች በእሱ የሚቀቡት ለዚህ ነው።

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሞሊብዲነም የሚለው ቃል እርሳስ ማለት ነው ሲባል ሰማሁ። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?»

ልጄ፣ ከአማርኛችን ብንጀምር ይቀላል። «እርሳስ» ስንል የጥይቱንም ብረት፣ የምትጽፍበትንም ማለታችን ነው። በምትጽፍበት ውስጥ ግን እርሳስ የተባለው ብረት የለም፤ ያለው ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን ነው። ይህ መደባለቅ የእኛ ብቻ አይደለም። ግሪኮች እርሳስን «ሞሊብዶስ» ይሉት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ፣ ወረቀት ላይ መስመር የሚተው ድንጋይ ሁሉ በዚሁ ስም ሲጠራ ኖረ።

በ1778 ስዊድናዊው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ቪልሄልም ሼለ ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱን ወስዶ በናይትሪክ አሲድ ፈተነው። ግራፋይት ቢሆን ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር፤ ይሄኛው ግን ነጭ ዱቄት ሆነ። ሼለ እርሳስም ግራፋይትም እንዳልሆነ፣ ውስጡ አዲስ ብረት እንዳለ ተረዳ። ብረቱን የሚያወጣበት በቂ ምድጃ ስላልነበረው ሥራውን ለወዳጁ ለፒተር ያኮብ የልም አስተላለፈ። የልምም በ1781 ያንን ዱቄት ከከሰልና ከተልባ ዘይት ጋር ለውሶ፣ በዝግ ዕቃ አግሎ ብረቱን አገኘው። ያ እናቶቻችን የሚያውቁት ተልባ ነው። ዘይቱ ሲቃጠል ካርቦን ይሆናል፣ ካርቦኑም ከዱቄቱ ኦክስጅኑን ነጥቆ ብረቱን ብቻውን ያስቀረዋል።

ለፈተናህ የሚሆኑ ቁጥሮች፦ የአቶም ቁጥሩ 42፣ የአቶም ክብደቱ 95.95፣ እፍጋቱ በአንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር 10.28 ግራም ነው። የሚቀልጠው በ2,623 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ተራ ብረት በ1,538 ይቀልጣል። ይህን ያህል ሙቀት ቢችልም አየር ላይ አግለህ መተው አይቻልም። ገና ቀይ ሆኖ ሳለ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እንደ ነጭ ጢስ ይተናል።

«ቤቴ ዴዶ ነው። ቦሎቄዬ እያደገ ሳለ ቅጠሉ ይገረጣል። ዩሪያ ስበትንበት ለጥቂት ጊዜ ይለመልማል፣ ከዚያ ይመለሳል። ከተማ ያለው ልጄ ሞሊብዲነም ጎድሎት ይሆናል፣ በጠርሙስ ይሸጣል አለኝ። ልግዛ?»

አባቴ፣ ልጅዎ ያሰበው ነገር እውነት አለበት፤ ጠርሙሱን ለመግዛት ግን አይቸኩሉ። ከተላኩልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ የእርስዎ ነው ብዬ ስለማምን ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ቦሎቄ፣ ባቄላ፣ አተር፣ አኩሪ አተር ናይትሮጅናቸውን ከዩሪያ ብቻ አይጠብቁም። ሥራቸው ላይ ባሉት ትንንሽ ቋጠሮዎች ውስጥ ሪዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። የማዳበሪያ ፋብሪካ ይህንኑ ሥራ ለመሥራት ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና እጅግ ከባድ ግፊት ያስፈልገዋል። ባክቴሪያዋ ግን በማሳዎ አፈር ሙቀት ትሠራዋለች። መሣሪያዋ ናይትሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ በዚያ ኢንዛይም እምብርት ላይ 7 የብረት አቶሞችና 1 የሞሊብዲነም አቶም ተቀምጠዋል። ያቺ አንዷ ስትጎድል ሥራው ይቆማል። ቋጠሮው ይኖራል፣ ተክሉ ግን ናይትሮጅን እንደተራበ ሰው ይገረጣል። ዩሪያ ሲበትኑ የሚለመልመው፣ ሲያልቅ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ። ጅማ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ዝናብ ለዘመናት ያጠበው ነው። ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ታጥቦ ወርዶ ብረትና አልሙኒየም ቀርቷል፤ ብዙ ቦታም አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። እንደ ዚንክና ማንጋኒዝ ያሉት ንጥረ ነገሮች አሲድ ሲበዛ እንዲያውም በቀላሉ ይሟሟሉ። ሞሊብዲነም የእነሱ ተቃራኒ ነው። አሲድ በበዛበት አፈር ውስጥ የብረቱና የአልሙኒየሙ ኦክሳይድ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ በእርስዎ ማሳ ሞሊብዲነም ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ታስሮ ይሆናል። የታሰረውን የሚፈታው ኖራ ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያድርጉ። ቦሎቄው ሲያብብ ሁለት ሦስት እግር ከነአፈሩ በዶማ አንሥተው ሥሩን ቀስ ብለው ይጠቡት፤ ጎትተው አይንቀሉት፣ ቋጠሮው መሬት ውስጥ ይቀራል። ከቋጠሮዎቹ አንዱን በጥፍርዎ ይክፈቱ። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ በሥራ ላይ ናቸው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠሩም። ቋጠሮ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የጎደለው ባክቴሪያው ራሱ ነው፤ ያን ጊዜ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለቦሎቄ የተዘጋጀውን የባክቴሪያ ማዳበሪያ ይጠይቁ።

ቀጥሎ አፈሩን ያስመርምሩ። የአሲድ መለኪያው (ፒኤች የሚባለው) ከ5.5 በታች ካለ መጀመሪያ ኖራ ነው። መጠኑንም ምርመራው ይነግርዎታል፤ የጎረቤትን መጠን አይከተሉ። ኖራ ሞሊብዲነሙን ብቻ አይደለም የሚፈታው። ሥርን የሚያቃጥለውን አልሙኒየም እንዳይጎዳ አስሮ ያስቀረዋል፣ አፈሩ የሚነጥቀውን ፎስፈረስም ለተክሉ ያተርፋል። አንድ ጠርሙስ ይህን ሁሉ አይሠራም። በዚህ አጋጣሚ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ፎስፈረስን የሚለኩት በዚሁ በሞሊብዲነም ነው። ከአፈሩ በወጣው ውኃ ላይ አሞኒየም ሞሊብዴት ከሌሎች ቅመሞች ጋር ሲጨመር፣ ፎስፈረስ ካለ ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ይደምቃል። ተማሪዎቼን ይዤ አንድ ላቦራቶሪ በሄድኩ ጊዜ ከቀይ አፈራችን የመጡት ብልቃጦች ሰማያዊነታቸው ለዓይን እስኪያስቸግር ፈዝዞ አይቼ አዝኛለሁ።

ኖራም ፎስፈረስም ከገባ በኋላ ቦሎቄው አሁንም ከገረጣ፣ ያን ጊዜ ሞሊብዲነም መሞከር ይገባል። የሚያስፈልገው መጠን ለሄክታር በአሥር ግራሞች ብቻ የሚቆጠር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በ1942 አንደርሰን የሚባል ተመራማሪ ለከብት የሚዘራ መኖ እንቢ ባለበት አሲዳማ መሬት ላይ ጥቂት ሞሊብዲነም ቢጨምር መኖው ለመለመ፤ ዓለም ይህን ጉዳይ በማሳ ላይ ያየው ያን ጊዜ ነው። እርስዎም ሁለት መስመር አድርገውበት ሁለት መስመር ይተዉና ልዩነቱን በዓይንዎ ይዩ። ዘሩን በሞሊብዲነም ጨውና በባክቴሪያ ማዳበሪያ አንድ ላይ የሚያሹ ከሆነ አያሳድሩት፤ ጨው ሲቆይ ባክቴሪያውን ይገድላል። አሽተው ወዲያው ይዝሩ።

ለቡናና ለበቆሎስ ያሉኝም አሉ። እነሱ ቋጠሮ የላቸውም፣ ነገር ግን ከአፈር የወሰዱትን ናይትሬት ወደ ራሳቸው ምግብ ለመለወጥ ሞሊብዲነም ያለበት ሌላ ኢንዛይም ይጠቀማሉ። ፍላጎታቸው ትንሽ ነው። አፈሩ በኖራ ከተስተካከለ ከዚያው ያገኙታል።

«ታዲያ ሞሊብዲነም ከብት ይጎዳል የሚባለው ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም። እንግሊዝ አገር ሶመርሴት ውስጥ ከብቱ በለመለመ መስክ ላይ ውሎ የሚያስቀምጠውና የሚከሳበት ቦታ ነበር። ምክንያቱ በ1938 ታወቀ፤ ሣሩ ሞሊብዲነም በዝቶበት ነው። በሚያመሰኳ ከብት ሆድ ውስጥ ሞሊብዲነም ከድኝ ጋር ይጣመርና መዳብን አስሮ ያስቀረዋል። ከብቱ መዳብ ያጣል፣ ፀጉሩ ይደበዝዛል፤ ጥቁር ላም በዓይኗ ዙሪያ ትነጣለች። መድኃኒቱ መዳብ መስጠት ነው፣ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይወስን፤ መዳብም ሲበዛ በተለይ በግን ይገድላል። አሲዳማ አፈር ላይ የበቀለ ሣር ሞሊብዲነም አይበዛበትም። የሚያሰጋው ሰው ኖራውንም ጠርሙሱንም ከልክ በላይ ሲያፈስ ነው።

«ማር ሰብስቤ አጣርቼ እሸጣለሁ። ቶርኖ ቤት ታንከር ላሠራ ስል 316 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ግዢ፣ 304 ማሩን ያበላሸዋል አሉኝ። ዋጋው ግን በጣም ይለያያል።»

እህቴ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። የሁለቱ ልዩነት በዋነኛነት ሞሊብዲነም ነው፤ 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ አለው፣ 304 ሆን ተብሎ አይገባበትም። የማይዝግ ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ልባስ ነው። ጨው፣ በተለይ ውስጡ ያለው ክሎራይድ፣ ያንን ልባስ በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። ሞሊብዲነም የተበሳው እንዳይሰፋ ያግዛል። ለባሕር ዳርቻ፣ ለጨዋማ ምግብ ፋብሪካ፣ ሰው አጥንት ውስጥ ለሚገባ ብረት 316 ያስፈልጋል። ማር አሲድነት ቢኖረውም ጨዋማ አይደለም። በደንብ የተበየደና ብየዳው ጸድቶ የለሰለሰ 304 ይበቃሻል። ለታንከሩ ዕድሜ ከሞሊብዲነሙ ይልቅ የብየዳው ጥራት ይበልጣል፤ ማር የሚቀረው፣ ሲታጠብ የማይነሣው በሸካራው ብየዳ ላይ ነውና ገንዘቡን እዚያ ላይ አውይው።

316 ነው ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካለም ማግኔት አይለይልሽም፤ ሁለቱንም ማግኔት አይስባቸውም ወይም ትንሽ ብቻ ይስባቸዋል። ሞሊብዲነም ሲያገኝ ቀለሙን የሚለውጥ ጠብታ ያለው መመርመሪያ አለ፣ ካልሆነም የፋብሪካውን ወረቀት ጠይቂ። ድስት ላይ የሚጻፈው 18/10 ደግሞ ክሮሚየምና ኒኬል ነው፣ ሞሊብዲነም አይደለም። ለድስትሽም አንድ ምክር፦ ጨውን በቀዝቃዛ ውኃ ላይ አትጨምሪ። ታች ተቀምጦ ብረቱን ይበሳል። ሲፈላ ይግባ።

«የጅማ በርጩማና ወንበር እሠራለሁ። የመሰርሰሪያ ፑንታ ስገዛ 'ሃይ ስፒድ' የሚለው ለምን ይወደዳል?»

ወንድሜ፣ ከብዙ ዓይነቶቹ የተለመደው 5 በመቶ ያህል ሞሊብዲነም፣ 6 በመቶ ያህል ተንግስተን የሚባል ሌላ ብረት አለው። እነዚህ ሁለቱ ፑንታው ግሎ ሊቀላ ሲቃረብ እንኳን ስለቱ እንዳይለሰልስ ይይዙታል። የጥንቱ ሃይ ስፒድ 18 በመቶ ተንግስተን ነበር። በጦርነት ዘመን ተንግስተን ሲጠፋ ሞሊብዲነም ተተካ፤ አቶሙ በክብደት ግማሽ ያህል ስለሆነ ግማሹ ክብደት ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። አንተ ለዋንዛ ለጥድ ከሆነ ርካሹም ይሠራልሃል፣ እስኪግል ድረስ ካልገፋኸው። ብረት የምትበሳ ከሆነ ግን ውዱን ግዛ።

«ጎጀብ ወንዝ ዳር እንደ ብር የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የሚያጠቁር ድንጋይ አገኘሁ። ሞሊብዲነም ይሆን?»

ሞሊብዲነም በዋነኛነት የሚወጣበት ማዕድን ሞሊብዴናይት በእርግጥም ብርማ ግራጫ ነው፣ በጥፍር ይጫራል፣ ጣትም ያቆሽሻል። ግራፋይትም እንዲሁ ያደርጋል። ሚዛኑ ግን ይለያቸዋል፤ ሞሊብዴናይት ከውኃ 4.7 እጥፍ ይከብዳል፣ ግራፋይት 2.2 እጥፍ ብቻ። ነጭ የሸክላ ሲኒ ላይ ብትሰምረው የግራፋይት መስመር ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ የሞሊብዴናይት መስመር ወደ አረንጓዴ ያደላል። ጥቂቱን ደጅ ላይ፣ ነፋስ ከጀርባህ አድርገህ ብታግለው የድኝ ሽታ ይሰጣል። ቅጠል ቅጠል እየሆነ የሚላጥና ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ወረቀት የማያቆሽሽ ከሆነ ደግሞ ሚካ ነው።

ስለ ቦታው ልንገርህ። የጅማ ተራሮች በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ባዛልት ናቸው፤ ሞሊብዴናይት የሚወደው ግራናይትንና በውስጡ የሚያልፈውን ነጭ ኳርትዝ ነው። ወንዝ ደግሞ ከሩቅ ያመጣል። በዓለም ላይ ብዙውን የሚያወጡት ቻይና፣ ቺሊ፣ ፔሩና አሜሪካ ናቸው፤ አብዛኛው የሚገኘውም መዳብ ሲቆፈር አብሮ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ክላይማክስ የሚባለው ማዕድን ማውጫ ሞሊብዲነም ለብቻው የሚቆፈርበት ታዋቂ ቦታ ነው። እንደዚህ ባሉት ቦታዎች እንኳን ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ሁለት ሦስት ኪሎ ነው። ስለዚህ አንድ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይዞ ገዢ መፈለግ አይጠቅምህም። ያገኘህበትን ቦታ ምልክት አድርገህ ድንጋዩን ለማዕድን ቢሮ ባለሙያ አሳይ።

«እንደ ኪኒን የሚሸጥ ሞሊብዲነም አለ። ልግዛ?»

አትግዛ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 45 ማይክሮ ግራም ነው፤ አንድ ግራም ለ60 ዓመት ይተርፋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ቦሎቄ የሚበላ ሰው ይህን ያገኛል።

«ከአጋሮ ነኝ። ለእንቅርቴ አዲስ አበባ ስካን ታዘዘልኝ። ሁለት ጊዜ 'መድኃኒቱ አልገባም' ተብዬ ተመለስኩ። አንድ ዘመዴ ከሞሊብዲነም የሚሠራ ነው አለ። ለምን ገዝተው አያስቀምጡትም?»

እናቴ፣ ድካምዎ ይገባኛል። ዘመድዎም ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ሊቀመጥ የሚችል ነገር አለመሆኑን ግን አልነገረዎትም። በውጭ አገር ጥቂት የኑክሌር ማብሊያዎች ውስጥ ሞሊብዲነም-99 የሚባል፣ ጨረር እየሰጠ የሚለወጥ ዓይነት ይሠራል። እሱ በየ66 ሰዓቱ ግማሽ ግማሹን እየጨረሰ ቴክኒሺየም ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። በሳምንቱ የሚቀረው ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ነው። የሚወጉት ቴክኒሺየሙን ነው፤ እሱ ደግሞ ግማሹ በ6 ሰዓት ያልቃል፣ በማግስቱ ከ16 አንዱ ብቻ ይቀራል። ሞሊብዲነሙ ባለበት፣ ከእርሳስ ብረት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ንጹሕ የጨው ውኃ አሳልፈው ቴክኒሺየሙን አጥበው ያወጣሉ፤ የሙያው ሰዎች ሣጥኑን «ላም» ይሉታል፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚታለብ። አውሮፕላን ቢዘገይ የዚያ ሳምንት ላም ትነጥፋለች። ቶሎ የሚያልቅ መሆኑ ለእርስዎ ደግ ነው፤ ሰውነትዎ ውስጥም አይቆይምና።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ፣ የእንቅርት መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ፣ ሳይወጉ በፊት ይንገሯቸው። ቀጠሮውን አይተዉት። ከአጋሮ ከመነሣትዎ አንድ ቀን ቀደም ብለው ግን የምርመራ ክፍሉን ስልክ ጠይቀው ይያዙና መግባቱን አረጋግጠው ይውጡ። ጠዋት ተራ ይያዙ፤ ሣጥኑ የሚታለበው ያን ጊዜ ነው።